አራት ከአሥር

በቆጪ፣ ከአዌቱ ማዶ፣ ጭቃው በማይደርቅ ሰፈር፣
በቤታችን ጓሮ ግድግዳ አንድ ምስማር ነበር።
በምስማሩ ላይ ጣሳ፣ ዝገት ከንፈሩን የበላው፣
ከሸክላ ሠሪዋ በቀር ማንም አፉን ያላስነካው።

ዳዲ ገንቦ ተሸክማ፣ ከሂርማታ ገበያ
ስትመለስ፣ ውሃ ሲጠማት፣ ትቆማለች ከአጥር ወዲያ።
እኔ ነበርኩ ቀጂዋ። እንዳይነካካ ጣታችን
ከላይ አፈስላት ነበር። ይህ ነበር ጨዋነታችን።

ልጇ ከኔ ጋር ተማረች፣ አምስተኛ «ለ» ክፍል፤
ከኋላ ወንበር፣ ብቻዋን፣ ዴስኳን ማንም ሳይካፈል።
«ብሊሌ» ነው ስሟ፤ ብርሌ፤ እናት ጭቃ እያቦካች
ልጇን ግን ብርጭቆ ብላ፣ በስም ከሸክላ አወጣች።

ድርሰት ጻፉ ተባልን አንድ ቀን። የሷ እንዲህ ይላል ባጭሩ፦
አንዲት ልጅ ናት፤ አላንኳኳችም፤ ገባች በዋናው በሩ፤
ከጅማ በርጩማ ላይ ሄዳ ተመቻችታ ተቀመጠች፤
«ውሃ አምጡልኝ» አለች፤ «በብርጭቆ» ብላ ጨመረች።

መምህራችን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤
ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ፣ ሳይቸኩል፣ ፊቱ ሳይከዳ፦
«አራት ከአሥር። ጽሕፈትሽ ጥሩ። ታሪኩ ግን አይታመንም።»
እኔም ስቄያለሁ ያን ቀን። ዛሬ መካድ አይቻለኝም።

ዳዲ በነሐሴ ሞተች። ጥሩንባ አልተነፋላትም፤
የዕድር ድንኳን አልወጣም፤ መዝገቡ ላይ ስሟ የለም።
አጎትና ሁለት ወንድም፣ ጉድጓድ ቆፍረው ራሳቸው፣
የኖረችበትን ጭቃ መለሱባት በእጃቸው።

በወሩ፣ እሑድ፣ ስብሰባ፤ አጀንዳው የድንኳን ቀዳዳ፣
ሰው ወስዶ ያልመለሰው ሳህን፣ የመዋጮ ውዝፍ ዕዳ።
ሊቀመንበሩ አባ ዲጋ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ሲሉ
ከኋላ አንዲት ሴት ቆመች። አንገቶች ዞሩ በሙሉ።

«ሐሳብ የለኝም፤ ጥያቄ ነው። እመጋዘኑ ያለው ድስት
አርባ አንድ ነው በመዝገባችሁ፤ በማን ጭቃ? በማን እሳት?
ባባትህ ተዝካር፣ ጋሽ ተሰማ፣ ወጡ በማን ድስት በሰለ?
ባንቺ ልጅ ሰደቃ፣ ዘሃሪያ፣ ከዚያ ሸክላ ማን ያልበላ አለ?
እጃችን ካረከሰ እንግዲህ፣ ረክሳችኋል ሠላሳ ዓመት፤
ካላረከሰም፣ እናቴ ለምን ተቀበረች ያለ ጩኸት?»

«ሴትዮ፣ ሥርዓት ይኑርሽ!» ከዘራው ወለሉን መታ፤
እሷ ድምጿን አላነሣች፤ አላወረደችም ላፍታ።
«አባ፣ ሥርዓቱን አውቃለሁ፤ በጣሳ ነው የጠጣሁት፤
ከላይ እየፈሰሰልኝ፣ ከደጅ ቆሜ ነው የተማርኩት።
ዋጋውም ‹ቀሪ› ነው መዝገቡ ላይ፤ እንግዲያው ዛሬ ልውሰደው፤
እሷን ያልተቀበለ ዕድር፣ ሸክላዋን በየትኛው እጁ ይቀበለው?»

እኔን አላየችኝም። ወይም አይታ ዝም አለችኝ።
እጄ ግማሽ መንገድ ተነሣችና፣ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ።

ሄደች። የመጋዘኑን በር ከፈተች። አንድ ድስት ይዛ ወጣች፤
ከሜዳው ሣር ላይ አኖረች። ተመለሰች። ሌላ አመጣች።
ሰባት። ስምንት። ሁሉም ዝም። ጸሐፊው ነው ጭንቅ የገባው፤
«የነገውስ ለቅሶ? ንፍሮው በምን ይቀቀል?» አለ ለሚሰማው።
ያ መምህራችን እዚያው ነበር፤ ጡረታ፣ ባለ ወፍራም መነጽር፤
አቀርቅሮ ጣቱን ይቆጥራል፤ ምናልባት ከአራት እስከ አሥር።

ለሚቀጥለው ወር ተዛወረ። ድምፅ አልተሰጠም። ዘነበ።
አርባ አንዱ ድስት ከሣሩ ላይ አፉን ከፍቶ ውሃ ሰበሰበ።

ማታ ጣሳውን አወረድኩ። አዌቱ ይዞት ሄደ፤ ያ ቀላል ነው።
ምስማሩን ግን በጉጠት ብታገል፣ ግድግዳው ነው የሚፈርሰው።
ሳልፍ ነጠላዬን ይይዛል፤ ቆም ብዬ አየዋለሁ፤
ለመጪው ስብሰባ፣ በመስታወት ፊት፣
እጄን ማንሣት እለማመዳለሁ።